የታረመው ወሬ

በእኛ ሕንፃ አራሚው ሲባል ማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው የጻፈውን በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ በሉት የመድኃኒት ካርቶን፣ የሐዘን መግለጫ በሉት የሠርግ ካርድ፣ እሳቸው ሳያዩት ከዚያ ቤት የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። ከሥራው ወፍራም መነጽርና ወደ ግራ ያዘነበለ አንገት ተርፏቸዋል።

አንድ ጊዜ ስድስት መቶ የሠርግ ካርድ በሙሽራዋ ስም ፈንታ በታናሽ እኅቷ ስም ታትሞ ወጣ። የሙሽራው አባት ማተሚያ ቤቱን ሊያፈርሱ ሲመጡ አራሚው ረቂቁን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩዋቸው። የታናሽ እኅትየዋ ስም በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ የነበረውን በቀይ ወደ ንጉሡ «ሠ» መልሰውታል። ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈለግባቸው አልገባቸውም። «ፊደሉ እኮ ልክ ነው» አሉ። ይህን ታሪክ የሚያወሩልን ራሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደምንስቅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተገለጠላቸውም ነበር።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ የሕንፃችን ግሩፕ አድሚን ሆኑ። ግሩፑ የተከፈተው ውኃ ሲጠፋና ሲመጣ ለመነጋገር ነበር፤ ቀስ በቀስ የጎረቤት ሕንፃ ሰዎች፣ የመንገዱ ባለ ሱቆች፣ ለቀው የሄዱ ተከራዮች ሳይቀሩ ገብተውበት ሦስት መቶ አርባ ደረስን። የቀድሞው አድሚን ቤት ቀይሮ ሲሄድ ኀላፊነቱን ከጠዋት እስከ ማታ ከግሩፑ ለማይጠፉ ሰው አስረከበ። አራሚው አይጠፉም ነበር፤ የሚሉት ኖሯቸው ግን አይደለም። አንዱ «ውሀ መጣ እንዴ» ብሎ ሲጽፍ ከሥሩ «ውኃ» ብለው ይመልሳሉ። ይምጣ አይምጣ ትንፍሽ አይሉም። አንድ ቀን የአራተኛ ፎቋ ጎረቤታችን «ቤቴ ጭስ በጭስ ሆነ ድረሱልኝ» ብላ ስትጽፍ «ጢስ ቢባል ይመረጣል» አሏት። ባልዲ ይዞ ደረጃውን በመሮጥ ግን ከሁላችንም ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው እንዲህ ናቸው።

ታላቅ እኅታቸው ምድር ቤት ይኖራሉ። አራሚው «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ሕንፃውም ተቀብሎ እትዬ ይላቸዋል። እትዬ ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው ይህን ከዚያ፣ ያንን ከዚህ ሲያገናኙ የኖሩ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ግሩፕ የሚባል ነገር መጣላቸው። የደረሳቸውን ሁሉ ያስተላልፋሉ፤ ሎሚ የሚያድናቸውን በሽታዎች ዝርዝር፣ ከአራት ዓመት በፊት ጠፍቶ በማግስቱ የተገኘ ልጅ ፎቶ፣ ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ መተኛት የሚያመጣውን ጣጣ። በቀን አርባ መልእክት ለእትዬ ምንም አይደለም።

ነገሩ የመጣው ከወደ ጀርባችን ባለው ሰፈር ሁለት ልጆች ኩፍኝ በታመሙ ጊዜ ነው። የጤና ጣቢያችን ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ቀጭን ሴት፣ ከአራት ሳምንት በኋላ የሦስት ቀን የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ እንደሚኖር ግሩፑ ላይ ማስታወቂያ አወጣች። አራሚው ማስታወቂያው ውስጥ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጨመሩላት፤ አመሰገነቻቸው። በሳምንቱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከእትዬ ስልክ ይህ መጣ፦

«አስቸካይ ክትባት የተከተበ ህጻን አይኑ ጠፋ ሀኪሞች ደብቀውታል ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፋ»

እውነቱን ለመናገር መልእክቱ በዚያ መልኩ ቢቀር ኖሮ ከእትዬ አርባ መልእክት እንደ አንዱ ታይቶ ያልፍ ነበር። አራሚው ግን አዩት። አምስት ስሕተት፣ አንድም ሥርዓተ ነጥብ የለም። በኋላ እንደነገሩኝ ሰውነታቸውን ሁሉ አሳከካቸው። ሻያቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ በአንዲት ጣታቸው፣ ሩብ ሰዓት ፈጅተው እንዲህ አድርገው መለሱት፦

«አስቸኳይ ማሳሰቢያ፤ ክትባት የተከተበ ሕፃን ዐይኑ ጠፋ፤ ሐኪሞች ደብቀውታል። ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ።»

ከሥሩም እንደ ልማዳቸው «የታረመ» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ሻያቸውን ጠጡ።

እኛ ምን እናድርግ። የፊተኛው ወሬ ይመስል ነበር፤ ይኸኛው መግለጫ መሰለ። «የታረመ» የሚለውን ቃል ደግሞ ግማሾቻችን «የተጣራ» ብለን አነበብነው። እኔ ራሴ፣ አፌን ሞልቼ አልክድም፣ «አራሚው አይተውታል» የሚል ጨምሬበት ለሃያ ሦስት ሰው ላክሁት። ሳይመሽ ከአሥር በላይ ግሩፖች ውስጥ ገብቶ ነበር ይባላል።

አራሚው ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከዘጠኝ ወሯ የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው። ምራታቸው የሕፃኗን የክትባት ካርድ ዘመቻው በተነገረ ዕለት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋው ነበር። ወሬው በወጣ በአምስተኛው ቀን ካርዱ ከቦታው ጠፋ። አራሚው የት እንደገባ ሲጠይቋት ነገሩን አለባበሰችው፤ ትንሽ ብንቆይ ይሻላል፣ ዘመቻ መቼም አያልቅም አለች። ሲጨቀጭቋት እናቷ ከሌላ ከተማ የላኩላትን መልእክት ከፍታ ሰጠቻቸው።

አራሚው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ መልሰው አወረዱ። ሁለት ድርብ ሰረዝ። «ሕፃን» በሐመሩ «ሐ» እና በፀሐዩ «ፀ»።

«ይሄን ማን ጻፈው አሉሽ?»

«እንጃ አባባ። ግን እንደ ሌላው ወሬ ቢሆን መቼ አምነው ነበር? ይሄ በሥርዓት የተጻፈ ነው። የተማረ ሰው እንደጻፈው እኮ ያስታውቃል።»

አራሚው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው አንድም አንባቢ እንዲህ አመስግኗቸው አያውቅም።

«ድርብ ሰረዙ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«የምን ሰረዝ?»

ነገሯት። ምራታቸው እሳቸውም አምነውበት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ኧረ እኔ አላነበብኩትም» አሉ አራሚው። «አረምኩት እንጂ አላነበብኩትም።»

ይህን እንዳሉ፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የሠርግ ካርዱ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባቸው። ምራታቸው ግን በዚህ አልረካችም። ካላነበቡት ውሸት መሆኑን በምን ያውቃሉ አለቻቸው። ኮታቸውን ለብሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወረዱ።

ሲስተርን ያገኟት አንድ ክንፉ በተሰበረ ማራገቢያ ሥር፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ስታጥብ ነው። የመጡበትን ሳይናገሩ መልእክቱን አሳዩዋት። እሷ እንደሆን በዚያ ሳምንት ብቻ ስድስት እናቶች አሳይተዋታል። በዚህ ጣቢያ ተከትቦ ዐይኑ የጠፋ ልጅ የለም አለቻቸው፤ ዐይን የሚያጠፋስ ራሱ ኩፍኝ ነው። ብልቃጡ አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው፣ ሁለት ልጅ ብቻ ከመጣ የስምንቱ ይደፋል። ከዚያ የበረዶ ከረጢቱን እያራገፈች፣ የጻፈውን ሰው ባገኘው ኖሮ አለች። ምን እንደምታደርገው አልጨረሰችውም። አራሚውም እንድትጨርሰው አልጠየቋት፤ አመስግነው ወጡ።

ስሕተት ሲታተም ምን እንደሚደረግ አራሚው አሳምረው ያውቃሉ። እርማት ይወጣል። ግሩፑ ላይ «እርማት» የሚል ርእስ ሰጥተው፣ ባለፈው ረቡዕ በእሳቸው እጅ ታርሞ የወጣው ጽሑፍ በቋንቋ ረገድ ትክክል ቢሆንም በፍሬ ነገሩ መሠረት የሌለው መሆኑን፣ ለተፈጠረውም መጉላላት ይቅርታ እንደሚጠይቁ፣ አሥራ ሰባት መስመር ጻፉ። ሰባት ሰው አየው። አንዱ ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ቀን» የሚል ስቲከር መለሰላቸው።

ወሬው ይባስ ብሎ ልጅ ወለደ። አሁን ዐይኑ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም ሆነ፤ ቀጥሎ ልጆቹ ሦስት ሆኑ። አራሚው ማረም ካልሠራ መሰረዝ አለ ብለው ተነሡ። አሥራ አራት አንቀጽ ያለው ደንብ አወጡ፤ ከመግቢያው በቀር የዘለቀው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ «ክትባት» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ማጥፋት ጀመሩ። በሦስት ቀን ስድሳ አንድ መልእክት ጠፋ። ሲስተር ያወጣችው የዘመቻ ማስታወቂያ አብሮ ጠፋ። የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ድመቱ ክትባት እንዳላት ጠቅሶ ጠፍታብኛለች ያለበት ማስታወቂያም ጠፋ፤ ድመቷ ከማስታወቂያው ቀድማ ነው የተመለሰችው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የሚደብቁት ነገር ባይኖር ለምን ያጠፋሉ ተባለ። እትዬ ይህንኑ ጥያቄ ቃለ አጋኖ ደርድረው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስተላልፉ አራሚው የደንቡን አንቀጽ ዘጠኝ ጠቅሰው እኅታቸውን ከግሩፑ አስወጡ።

ሕንፃው መውጫ በሩ አንድ ነው፤ እሱም በእትዬ በር ፊት ለፊት ነው። አራሚው በማግስቱ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ እትዬ በራቸውን ከፍተው ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጧቸው። እትዬ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። ይህ አራት ቀን ቆየ። በመካከሉ እትዬ «እውነተኛው የህንጻችን ግሩፕ» የሚል ከፈቱ፤ ርእሱን ሲያዩ አራሚውን ከግሩፑ መከፈት ይልቅ «ህንጻ» የሚለው ቃል ነው ያመማቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ሁላችንም ወደዚያ ተሰደድን። አሮጌው ግሩፕ ላይ አራሚው፣ ስልኩን ከፍቶ የማያውቀው የቧንቧ ሠራተኛና ፍራሽ የሚያስተዋውቅ አንድ ሰው ቀሩ።

ዘመቻው ስድስት ቀን ሲቀረው አራሚው እንደገና ጤና ጣቢያ ሄዱ። በዚህኛው ጊዜ ሁሉንም ከነድርብ ሰረዙ ተናዘዙ። ሲስተር መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ድመቷ ላይ ሲደርሱ መሳቅ ጀመረችና መቆጣቱን ረሳችው።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «በሩን ዘግተው ለማን ነው የሚናገሩት? ሰዉ ያለው እዚያ ነው። እዚያ ይግቡና ምን እንደሚያስፈራቸው ይጠይቁ። አይከራከሩ፣ አያጥፉ፣ ወሬውንም አይድገሙት። እርስዎ የላኩትን እርማት አይቼዋለሁ፤ ወሬውን ያልሰማውም ከእሱ ነው የሰማው።»

አራሚው የእትዬን በር አንኳኩ። እትዬ ማን መሆኑን እያወቁ «ማነው» አሉ። ገብተው ተቀመጡ። የታናሽነታቸውን ይቅርታ ጠየቁና ወደ አዲሱ ግሩፕ እንዲያስገቧቸው ለመኑ።

«አንድ ፊደል ብትነካ ትወጣለህ» አሉ እትዬ።

«አልነካም።»

«ሰው ህጻን ብሎ በፈለገው ሀ ቢጽፍም።»

«አልነካም እትዬ።»

ከዚያ ለምን እንደዚያ ያለውን ወሬ እንዳስተላለፉ ቀስ ብለው ጠየቁ። እትዬ የጥፋተኝነት ምልክት አላሳዩም። ሃያ ስምንት ዓመት መስመር ሲያገናኙ የሚባለውን ማዳመጥ ክልክል ነበር አሉ፤ አገናኝቶ መውጣት ነው፣ ሙያው ይኸው ነው። ሰው ተነጋገረ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት ነው። ቆየት ብለው ደግሞ፣ መስኮቱን እያዩ፣ ሌላ ነገር ጨመሩ።

«ያን ዕለት አሥራ ዘጠኝ ሰው ደውሎ አመሰገነኝ። ዝም ካልኩ እኮ ስልኬ ቀኑን ሙሉ አይጮኽም።»

አራሚው የመጡበትን ነገሯቸው፤ የሕፃኗ ካርድ ከማቀዝቀዣው መነሣቱን፣ ምራታቸውን ያስፈራት መልእክት እትዬ ያገናኙት እሳቸው ያሳመሩት መሆኑን።

«ልጅቷ አትከተብም?» አሉ እትዬ።

«እስካሁን እንቢ ብላለች።»

«በእኔ ነው?»

«በአንቺና በእኔ።»

እትዬ ተነሡና የንባብ መነጽራቸውን፣ የድሮ የስልክ ቁጥር ደብተራቸውንና እርሳስ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸው ቀጥ አለ። አራሚው እኅታቸውን በሥራ ላይ አይተዋቸው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን አዩ።

መጀመሪያ የደወሉት መልእክቱን ለላኩላቸው የድሮ ባልደረባቸው ነው። ማን ላከልሽ አሏቸው። ባልደረባቸው የፀጉር አስተካካያቸውን ሚስት ጠሩ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት በስሚ ስሚ ነው ብላ ልታመልጥ ስትል እትዬ «መስመሩ ላይ ይጠብቁ» አሉና እስክትናገር ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ። በአምስተኛው ስልክ መጨረሻው ተገኘ፤ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ። ልጇ ከወር በፊት ተከትቧል። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዐይኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋ የትኛው ዐይኑ አለች።

ያን ዕለት ለእኅቶቿ የጻፈችውን ፈልጋ አነበበችላቸው፦ «ልጄ ዛሬ ተከትቦ ዐይኑ እስኪጠፋ አለቀሰ።» ሌላ የለም። ከእኅቶቿ አንዷ ለጓደኛዋ ስታወራ አሳጠረችው፤ ጓደኛየዋ የሰማችውን ጻፈችው። «ሐኪሞች ደብቀውታል» የሚለው ከየት መጣ ሲባል፣ ሲስተር አፍና አፍንጫዋን በጭንብል ሸፍና ነበር፣ ልጁ ሲያለቅስ ምንም አላለችም። ይኸው ነው።

አራሚው ከጎን ሆነው ሲሰሙ ግንባራቸውን ያዙ። «አንድ ቃልና አንድ ቅጥያ ወድቋል» አሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከተቆጩበት ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ልብስ ሰፊዋ የሆነውን በድምፅ መልእክት ተናገረች፤ የልጁንም ፎቶ ላከች። እትዬ በራሳቸው ግሩፕ ላይ አወጡት። የሲስተርን ምክር ተቀብለው ወሬውን አልደገሙም፤ ስለ ክትባቱ የሚያሳስበው ሰው ለእኔ ይደውል፣ ራሴ አነሣለሁ ብለው ጻፉ። ለሚቀጥሉት አምስት ቀናት የእትዬ ስልክ አላረፈም። መልስ ያላቸውን ይመልሳሉ፤ የሌላቸውን ከሰዓት በኋላ ከሲስተር ጋር ያገናኛሉ። በዚህኛው ግን መስመሩን አይለቁም፤ ያዳምጣሉ።

አራሚው በዚያው ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው ጥያቄዎቹን መዘገቡ። የሚገርመው ስለ ዐይን የጠየቀ ከሁለት ሰው አይበልጥም። አንዷ ልጇ ጉንፋን ይዞታል፣ ይከለከላል ወይ ትላለች። ሌላዋ ባለፈው ጊዜ ትኩሳት አምጥቶበት ስለነበር ፈርታለች። አንድ ግዙፍ አባት ከብዙ ዳር ዳርታ በኋላ ልጁን ይዞ የሚገባ ወላጅ መርፌውን የግድ ማየት አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዲት እናት ደግሞ ወሬውን ጨርሳ አላመነችበትም፤ ሌሎቹን ሁለት ልጆቿን የሚይዝላት ሰው ስለሌላት ብቻ ነው የማትሄደው፣ ወሬው ምክንያት ሆናት። እነዚህን ሁለት ልጆች በኋላ የያዟቸው አራሚው ናቸው፤ በዘመቻው የመጀመሪያ ቀን ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዱ ትከሻቸው ላይ፣ አንዷ መነጽራቸው ላይ ሆነው አይቻቸዋለሁ።

ግሩፑ ላይ ቃላቸውን ጠበቁ። «ህክምና» ሲጻፍ፣ «ሀኪም» ሲጻፍ፣ አንዱ ጭራሽ «ክትፓት» ብሎ ሲጽፍ ዝም አሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው ስሕተቱን ማስታወሻ ደብተር ላይ ያሰፍሩታል። ደብተሩን አሳይተውኛል፤ የእኔ ስም ሁለት ገጽ ይዟል።

እትዬ ሌላ ነገርም አዘዙ። ወሬውን ያስተላለፈ ሁሉ ለላከለት ሰው ደውሎ ይመልስ አሉ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ሃያ ሦስት ስልክ ደወልኩ። ለአክስቴ ስደውል ለአርባ ሰው ልካለች፤ ከአራት ዓመት በፊት ለተለያየሁት አለቃዬ ስደውል ደግሞ ምንም አላየሁም አለኝ፣ የአንተን መልእክት ሳላነብ ነው የምሰርዘው አለኝ። ከሃያ ሦስቱ በጣም ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ቀሪዋ ምራትየዋ ነበረች። ሲስተር አነጋገረቻት፣ እትዬም ለመኗት፤ ራሴ ካላየሁ አለች። ሕፃኗን አዝላ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄደች። የሦስት ዓመቱ ልጅ ከስፌት መኪናው ጀርባ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ጎንበስ ብላ ዐይኑን ልታይ ስትል ልጁ አልወደደውም፤ የክር ጥቅል አንሥቶ እስከ ክፍሉ ወዲያ ጫፍ ድረስ አሯሯጣትና ከበሩ ደርሳ ዞር ስትል ከሩቅ ወርውሮ መሐል ግንባሯን መታት። እናቱ ልትገርፈው ስትነሣ ምራትየዋ ተይው አለቻት። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። በዘመቻው በሁለተኛው ቀን፣ ግንባሯ ላይ እብጠቱ እንዳለ፣ ሕፃኗን አስከተበች። ሕፃኗ መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ምንም አላለችም፤ ያለቀሰችው ሲስተር ጥጡን ስትወስድባት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ተከፍቶ የተደፋ ብልቃጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ፣ ሲስተር ከሌላ ጣቢያ ተጨማሪ አስመጣች። ሁሉም መጣ ማለት አይደለም። እትዬ ሲቆጥሩ ከሁለቱ ሕንፃ አሥራ አንድ ልጆች ቀሩ። በሚቀጥለው ሳምንት እኅትና ወንድም ደረጃውን አብረው እየወጡ፣ በየፎቁ እትዬ እስኪያርፉ እየቆሙ፣ በየበሩ አንኳኩ። ዘጠኙ በኋላ ተከተቡ። የአንዱ አባት በሩን አልከፈተም። የአንዷ እናት ሻይ አፍልታ፣ በደንብ አዳምጣ፣ አሁንም አልፈልግም አለች፤ እትዬ እሷን አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ይደውሉላታል።

ግሩፖቹ ተዋሐዱ። አድሚኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዳቸው ሳያነቡ ሌላኛቸው አያሳልፉም። አራሚው አሁን መልእክት ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ሕፃኗ በተከተበች በሁለተኛው ሳምንት የምራትየዋ እናት ሳይናገሩ በአውቶቡስ መጡ። ልጅቷን እኔን ሳታማክሪ ብለው ሊቆጡ ነው የመጡት፤ የታረመውን መልእክት ትልቅ አድርገው በወረቀት አሳትመው ይዘውታል። ሕንፃው ደግሞ በሩ አንድ ነው። እትዬ ከወንበራቸው ተነሥተው እንደ እኅት ተቀበሏቸው፣ ሻንጣቸውን አስቀመጡላቸው። እንግዳዋ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ወደ ላይ ሲወጡ ስለ ክትባት አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ልጅቷ ወፍራለች አሉ፣ እሷን አቅፈው ተቀመጡ። በማግስቱ ለማን ለማን እንደላኩ ከስልካቸው ላይ እንዲያወጡላቸው አራሚውን ጠየቋቸው።

በዚያ ቀን ከሥራ ስገባ አራሚውን ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከላይ፣ ከሳሎናቸው፣ ስልክ ላይ የሚጮኽ የእንግዳቸው ድምፅ ይሰማል።

«እስከ ስንት ደረሱ?» አልኳቸው።

«አሥራ ሁለት ይቀራቸዋል» አሉ። «ግን ከእያንዳንዱ ጋር መጀመሪያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነው የሚያወሩት። እስካሁን ሦስቱ ቅባት ነግረዋቸዋል፣ ሦስቱም የተለያየ።»

ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። የጋዜጣውን መካከለኛ ገጽ አውጥተው ሰጡኝና እያነበብን ቆየን።